ካሜራው ጳጉሜን አያውቅም

(አራት ኪሎ አካባቢ በአንድ የንባብ ምሽት ላይ የተናገርኩት ነው። ለአንባቢ እንዲመች አንዳንድ ቦታ አሳጥሬዋለሁ።)

እንደምን አመሻችሁ። መድረኩን የሰጡኝን ልጆች አመሰግናለሁ። «ስለ ድሮ የፍቅር ፎቶ አውሪን» ሲሉኝ አንድ ነገር ጠየቅኳቸው። ሰዉን ማስለቀስ ግዴታ ነው ወይ? አይደለም አሉኝ። ተገላገልኩ። የድሮ ፎቶ ሲወጣ መቆዘም ያለብን የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። የእኔ ሥራ ደግሞ የሰው ፎቶ ስካን ማድረግና መጠገን ነው። በእያንዳንዱ ብቆዝም ኖሮ የሱቁን ኪራይ የሚከፍልልኝ የለም።

የምለው ብዙ አይደለም። ፍቅር ሲጀመር የተነሳነው ፎቶ ስንናገር የኖርነውን ታሪክ አያጸድቅልንም። ይከራከረናል። እኔ ደግሞ ክርክሩን ነው የምወደው።

ያንን ፎቶ ማንም ፈልጎ አያገኘውም። የሚፈለገው ሌላ ነገር ነው። የቤት ካርታ፣ የልደት ሰርተፍኬት፣ የልጅ የክትባት ካርድ። ወረቀቱ ይጠፋል፣ ፎቶው ዱብ ይላል።

2016 ዓ.ም. ላይ ፒያሳ ሲፈርስ ይህ በብዛት ሆነ። ዶሮ ማነቂያና አካባቢው ሲነሳ ስንት ዘመን ያልተነካ ሳጥን ተከፈተ። ቁምሳጥን ከግድግዳ ሲላቀቅ ከኋላው ፖስታ ይወድቃል። ፍራሽ ሲነሳ ከሥሩ ፎቶ ይገኛል። ሰዎች ዕቃቸውን አዲሱ ቤት ገና ሳያራግፉ ወደ እኔ መጡ። ስለ ኮሪደር ልማቱ ሁላችንም የየራሳችን ሐሳብ አለን፣ ዛሬ አልገባበትም። ያ ወቅት ግን የከተማውን የተደበቀ አልበም አስወጥቷል። አንዳንዱ ፎቶ ላይ ባለቤቶቹን የሚያስለቅሳቸው የራሳቸው ወጣትነት አይደለም። ከኋላቸው ያለው የእንጨት በረንዳ ነው። እነሱ አሁንም አሉ። በረንዳው የለም።

እዚህ ላይ የፎቶ ቤት ፎቶና የደጅ ፎቶ መለየት አለባቸው።

ፎቶ ቤት በከተማችን ረጅም ዕድሜ አለው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የመጣው አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን የቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ ነበር። ከእሱ በኋላም ልጆቹ ሃይጋዝና ቶኒ ሥራውን ቀጥለውበታል። ከቤተ መንግሥቱ ወደ ሹማምንቱ፣ ከሹማምንቱ ወደ እኛ ወረደ። እኛ ዘንድ ሲደርስ ፎቶ ቤት መግባት የበዓል ጉዳይ ሆነ። ለእንቁጣጣሽ፣ ለገና፣ ለፋሲካ። ፍቅረኞች ሲገቡም ነገሩ ሁሉ የተደራጀ ነው። ከኋላ መጋረጃ ወይም የተሳለ ፏፏቴ። ጎን ላይ የፕላስቲክ አበባ። አንዱ የስልክ መነጋገሪያ ይይዛል፣ ስልኩ የትም አልተያያዘም። እጅ የሚቀመጠው ሰዓቱ እንዲታይ ተደርጎ ነው። ፎቶው በሚታጠብበት ጨለማ ክፍል ውስጥ ደግሞ ሁለት ፊት በአንድ ልብ ቅርጽ ውስጥ ይገባል። ጀርባው ላይ «ለማስታወሻ ይሁንሽ» ይጻፋል።

ይህን ፎቶ እወደዋለሁ። ግን ብዙ አይነግረኝም። ፎቶ ቤት የገባ ሰው ምን መምሰል እንደሚፈልግ አስቦበት ነው የገባው።

የደጅ ፎቶ ግን ያልታሰበ ነገር ይዞ ይመጣል። ስድስት ኪሎ አንበሳ ግቢ፣ አምባሳደር፣ ስታዲየም ዙሪያ የተነሱትን አይቼ አልጠግብም። ፎቶውን ሲሰጡኝ መጀመሪያ ፊታቸውን አላይም። ጠርዙን ነው የማየው። የማን ሱቅ ነው ያ? ታክሲው ላዳ ነው? ልጅቷ የያዘችው ቦርሳ የእሷ ነው ወይስ ተበድራ ነው? የሁለቱ ጥላ ወደየት ወድቋል? ሰዎች «ፊታችንን አጥሪልን» ብለው ይመጣሉ፣ እኔ ከኋላቸው ያለውን ታፔላ ሳነብ እገኛለሁ።

የተቀደደ ፎቶም ይመጣል። ይህ ሥራ ያለበት ሰው ሁሉ ያውቀዋል። አንደኛው ሰው በመቀስ ወጥቷል። ችግሩ መቀስ ሁሉንም አያወጣም። ትከሻ ላይ ያለ እጅ ይቀራል። አንዲት እናት እንዲህ ያለ ፎቶ ይዘው መጡ። «ልጄ፣ ይችን እጅ አጥፊልኝ» አሉኝ። ከኮሌጅ ጊዜያቸው የቀራቸው ፎቶ ያ ብቻ ነው። ማጥፋት ቀላል ነው፣ ዛሬ ስልክም ይሠራዋል። አጠፋሁላቸው። ግን እንደነበረ ስካን አድርጌ ሁለተኛ ፋይል ጨመርኩላቸው። «ይኼ ደግሞ ምን ያደርግልኛል?» አሉ። ምንም አላልኩም። ፍላሹን ይዘው ሄዱ። ከሳምንት በኋላ ተመልሰው መጡ። ባለ እጁን አሳትመሽ ስጪኝ አሉ። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኩም። የደንበኛ ጉዳይ ነው።

አሁን ወደ ራሴ ፎቶ ልምጣ። መብራቱን ትንሽ ቀንሱልኝ። ይኸውላችሁ፣ ባለቤቴ እንዳሳያችሁ ፈቅዷል።

ያኔ ባለቤቴ አልነበረም። ገና መተዋወቃችን ነው። የቆምነው በብሔራዊ ቴአትር ፊት ለፊት ካለው የድንጋይ አንበሳ ሥር ነው። ይህን አንበሳ የሠራው ፈረንሳዊው ቀራጺ ሞሪስ ካልካ ነው። ቴአትር ቤቱ በ1948 ዓ.ም. ለንጉሡ የብር ኢዮቤልዩ ከተመረቀበት ጊዜ ጀምሮ እዚያ ተቀምጧል። ስንት ጥንድ እግሩ ሥር ቆሞ ፎቶ እንደተነሳ እሱ ይወቀው። ከኋላችን ቀይና ቢጫ አንበሳ አውቶብስ እያለፈ ነው። እሱ ትከሻው ሰፊ ኮት ለብሷል፣ የታላቅ ወንድሙ ነው። እኔ የታጠፈ ጃንጥላ ይዣለሁ። አስፋልቱ እርጥብ ነው። በመካከላችን ደግሞ አንድ ሰው የሚያሳልፍ ክፍተት አለ። ሳቁ፣ ሳቁ። ያኔ እንዲያ ነበር።

ባለቤቴ ይህን ቀን ለእንግዳ ሁሉ ይተርካል። ታሪኩ እንዲህ ነው። ፒያሳ ኤንሪኮ ገባን። ኬክ በላን። እሱ ኪሱ ውስጥ የነበረውን የመጨረሻ ብር ከፈለ። ለታክሲ ስላልተረፈን በቸርችል ጎዳና ቁልቁል በእግራችን ወረድን። ብሔራዊ ስንደርስ አንድ የመንገድ ፎቶ አንሺ አስቆመን። «አላስከፍላችሁም፣ ስለምታምሩ ነው» አለን። እንግዳው ይስቃል። ቡናው ይቀዳል። እኔም ለብዙ ዓመት አብሬ ስቄያለሁ።

ከዚያ የቆጣሪ ውል ስንፈልግ ፎቶው ወጣ። ታች ቀኝ ጥግ ላይ በብርቱካናማ ቁጥር ቀን ታትሞበታል። 12 4 '95።

እንግዲህ ጉዱ የሚጀምረው እዚህ ነው። እነዚያ ቀን የሚያትሙ ካሜራዎች የፈረንጅ አቆጣጠር ነው የሚያውቁት። ጳጉሜን አያውቁም። ዓመታቸው አሥራ ሁለት ወር ነው፣ አበቃ። እኛ ግን ፎቶውን አንስተን «'95» ስናይ የራሳችን ዓመት ይመስለናል። ልዩነቱ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ነው። ሱቄ ውስጥ በዚህ የተነሳ የተጣሉ ባልና ሚስት አይቻለሁ። «በዚህ ዓመትማ እኔን ገና አታውቀኝም ነበር፤ ታዲያ ይቺ ማን ናት?» ብላ የተነሳች አለች። ፎቶው ላይ ያለችው ራሷ ነበረች።

የእኛ የፈረንጁ 1995 ለመሆኑ ጥርጥር የለውም። በእኛ 1995 እኛ ልጅ ትምህርት ቤት እናደርስ ነበር። ግን 12 4 ምንድን ነው? ካሜራው ቀን ቀድሞ ወይም ወር ቀድሞ እንዲያትም ማስተካከል ይቻላል። ቀን ከቀደመ ኤፕሪል 12 ነው። ወር ከቀደመ ዲሴምበር 4 ነው። የቀን መቁጠሪያ አወጣሁ። ኤፕሪል 12 ሚያዝያ 4 ቀን 1987 ይሆናል። ረቡዕ። ሆሳዕና አራት ቀን ቀርቶታል።

ሁዳዴ ነው! ክሬም ኬክ በሁዳዴ?

ባለቤቴ ደንገጥ አለ። ወዲያው ግን ዲሴምበርን ያዘ። ዲሴምበር 4 ኅዳር 24 ቀን 1988 ነው፣ ሰኞ። ሰኞ ደግሞ አይጾምም አለ። የነቢያት ጾም ኅዳር 15 መግባቱን አስታወስኩት። በየትኛውም በር ብትገቡ ጾም ነው። «የገና ጾምን ያኔ አልጾምም ነበር» አለ። እናቱ ይህን ሳይሰሙ ማረፋቸው አንድ ነገር ነው።

ግን አስፋልቱ እርጥብ ነው። ጃንጥላም ይዣለሁ። ኅዳር መጨረሻ አዲስ አበባ ብርድና ፀሐይ ነው፣ ሚያዝያ ላይ ግን በልግ አለ። ይህም ማስረጃ እንጂ ፍርድ አይደለም። ያልታሰበ ዝናብ በኅዳርም ይጥላል።

ቀኑን እዚያው ተውኩትና ወደ ጠርዙ ሄድኩ። የፎቶው ታችኛ ጠርዝ ላይ ጥላ አለ። ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ ወጥቷል፣ ፎቶ አንሺው ፀሐዩን ከኋላው አድርጎ ቆሟል። የእሱ ጥላ እግራችን ሥር ደርሷል። እዩት፣ አጉልቼዋለሁ። ይህ ከታች የሰፋው ቀሚስ ነው። ይህ ጎን ላይ የተንጠለጠለው የሴት ቦርሳ ነው። ቀሚስ ለብሶ ፎቶ የሚያነሳ የመንገድ ፎቶ አንሺ በዚያ ዘመን ብሔራዊ አካባቢ እኔ አላጋጠመኝም።

ጓደኛዬ ናት።

ለወጣቶቹ ልንገራችሁ። በዚያ ጊዜ እኔ ከአንድ ወንድ ጋር ብቻዬን ከቤት መውጣት አልችልም። «ከእሷ ጋር ነኝ» ማለት ነበረብኝ። ለዚህ ደግሞ እሷ በእርግጥ መኖር አለባት። ስለዚህ እሷ ሁልጊዜ ነበረች። ሻይ ቤት ሌላ ጠረጴዛ ላይ ትቀመጣለች። ሲኒማ ስንገባ በወዲያኛው ጎኔ ናት። መንገድ ላይ አሥር እርምጃ ወደ ፊት ትሄዳለች። የብዙዎቻችን ፍቅር በሁለት ሰው አልተጀመረም። በሦስት ነው የተጀመረው። ሦስተኛዋ ግን አልበም ውስጥ የለችም፣ ካሜራ የያዘችው እሷ ስለሆነች። እናንተ ቤትም ያለውን የፍቅር ፎቶ አውጡና «ይህን ማን አነሳው?» ብላችሁ ጠይቁ። ግማሹ ቤት መልስ አያገኝም።

ባለቤቴ በሠላሳ ዓመት ውስጥ ጓደኛዬን ከታሪኩ አውጥቶ የመንገድ ፎቶ አንሺ አስገብቷል። ተንኮል የለበትም። ታሪክ በተተረከ ቁጥር ይለሰልሳል፣ እንግዳን የሚያስቀው ይቀራል፣ ሌላው ይረግፋል። እኔም አጠገቡ ተቀምጬ ስሰማ ያንን ፎቶ አንሺ በዓይነ ሕሊናዬ ማየት ጀምሬ ነበር። ኮፍያ ሁሉ አድርጎ።

ይህ እኛ ቤት ብቻ የሚሆን እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2002 ኪምበርሊ ዌድ የምትባል ተመራማሪና ባልደረቦቿ ኒውዚላንድ ውስጥ ያደረጉት ጥናት አለ። ለ20 ሰዎች የልጅነታቸውን ፎቶ አሳዩዋቸው። አንደኛው ፎቶ የተቀነባበረ ነበር፣ ልጁ በአየር ፊኛ ሲበር ያሳያል። ማንኛቸውም በፊኛ በረው አያውቁም። ሦስት ጊዜ ከተጠየቁ በኋላ ግማሾቹ በረራውን በከፊልም ቢሆን «አስታወሱት»። አስቡት፣ ያልሆነውን። ፎቶ ማስታወሻ ብቻ አይደለም ማለት ነው። ትዝታ ይፈጥራልም።

ለዚህ ነው በስልክ የድሮ ፎቶ ቀለም መቀባትን የማልወደው። ትንሽ ልበሳጭ ፍቀዱልኝ። ልጆች የአያታቸውን ጥቁርና ነጭ ፎቶ ያመጣሉ። አፕሊኬሽኑ ቀብቶታል። የአያት የነጠላ ጥለት ሰማያዊ ሆኗል። ማን አለ ሰማያዊ ነው? ጥቁርና ነጭ ፊልም ላይ ቀይና አረንጓዴ ተመሳሳይ ግራጫ ሆነው ሊወጡ ይችላሉ። ማሽኑ አያውቅም፣ ይገምታል። ከአምስት ዓመት በኋላ ግን ቤተሰቡ ሁሉ «የእማማ ሰማያዊ ጥለት» ማለት ይጀምራል። አሁን ደግሞ ፎቶውን ፈገግ የሚያሰኝ፣ አንገት የሚያዞር መጥቷል። ሳይስቁ የተነሱ ሰዎች ላለመሳቅ ምክንያት ነበራቸው። ተዉአቸው።

ወደ ጓደኛዬ ልመለስ። ውጭ አገር ነው የምትኖረው። ከዓመት ዓመት ለበዓል መልእክት እንለዋወጣለን፣ ከዚያ ያለፈ አልነበረም። ፎቶውን በቴሌግራም ላክሁላት። ጥላውን በቀይ ከብቤ «ይቺ ማን ናት?» አልኳት። ሌሊቱን መልስ ገብቶ አገኘሁ፣ በድምፅ ነው። መጀመሪያ ሳቋ ብቻ ነው የሚሰማው። ከዚያ እንዲህ አለች። ካሜራው የወንድሟ ነው። ቀኑን ማንም አስተካክሎት አያውቅም። ባትሪ በተቀየረ ቁጥር የፈለገውን ያትም ነበር።

እንግዲህ የቀን መቁጠሪያዬ ሁሉ ገደል ገባ። ሁዳዴውም፣ ነቢያቱም። ፎቶውም እንደ ባለቤቴ ያወራል ማለት ነው።

አላበቃችም። «ኬኩን ግን በልተናል» አለች። «ሦስት ኬክ። የከፈልኩት እኔ ነኝ። እሱ ኪሱን ሲደባብስ አሳዝኖኝ።»

ድምፁን ለባለቤቴ አሰማሁት። ሁለት ጊዜ ሰማው። ከዚያ ወዲህ ሲተርክ ከፋይዋ ተቀይራለች። የመንገድ ፎቶ አንሺው ግን እስካሁን አልወጣም፣ እንግዳ ይወደዋል ይላል። እኛ ሁለቱ ሴቶች ደግሞ ከዚያ ሌሊት ወዲህ በየሳምንቱ እንደዋወላለን።

ሰዓት እየሄደብኝ ነው፣ ስለ አያያዙ የጠየቃችሁኝን ቶሎ ቶሎ ልበል።

ጥቁርና ነጩ በደንብ የታጠበ ከሆነ ጠንካራ ነው፣ ምስሉ ብር ነው። የቀለም ፎቶ ግን ማቅለሚያ ነው፣ ማቅለሚያ ይሞታል። ድሮ የታተመ የቀለም ፎቶ በጨለማ ሳጥን ውስጥም ሆኖ ወደ ቀይ ያደላል። ስለዚህ የአያቶቻችሁ ፎቶ ከእናንተ የሰርግ ፎቶ ሊበልጥ ይችላል። ቅድሚያ ለቀለሙ ስጡ።

ገጹ ሙጫ ያለበት፣ ላስቲክ የሚለበስበት አልበም ጠላት ነው። ሙጫው ከጊዜ ጋር ይበላዋል። ፎቶው ከተጣበቀ አትገንጥሉ። የጥርስ ክር ከሥሩ አስገብታችሁ ቀስ እያላችሁ እንደ መጋዝ ሳቡት። መስታወት ላይ የተጣበቀውን ግን ጭራሽ አትንኩት፣ ከነመስታወቱ ስካን ይደረጋል።

ጀርባው ላይ በእስክርቢቶ አትጻፉ፣ ከፊት ያብጣል። ለስላሳ እርሳስ ይበቃል። የአንሺውንም ስም ጻፉ። ስካን ስታደርጉ ትንንሹን ፎቶ ከ600 ዲ.ፒ.አይ. (በአንድ ኢንች የሚነበቡ ነጥቦች ብዛት ነው) አታሳንሱ። ጀርባውንም ስካን አድርጉ፣ ሰው ሁሉ የሚረሳው እሱን ነው። በቴሌግራም ስትልኩ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩ፣ አለዚያ ጥራቱን ይቀንሰዋል። እኔ ለጓደኛዬ እንደ ፋይል ባልልክላት ኖሮ ጥላው ላይ ያለው ቦርሳ አይለይም ነበር።

ነጋቲቩ፣ ማለትም ፎቶው የታተመበት ፊልም፣ ካለ ደግሞ እባካችሁ አትጣሉት። ሰው ፎቶውን ያቅፍና ነጋቲቩን ቆሻሻ ውስጥ ይጥላል። ፎቶው ላይ የተቆረጠው ጠርዝ ብዙ ጊዜ ነጋቲቩ ላይ አለ።

ፎቶ ይዛችሁ ለመጣችሁ ስካነሩን እዚያ ጥግ አስቀምጬዋለሁ። ሁለት ሁለት ሆናችሁ ኑ፣ ፎቶው ላይ ያላችሁት ሁለታችሁ ከሆናችሁ ማለቴ ነው። አንዱ ሲተርክ ሌላው ዝም ይበል፣ ከዚያ ተራ ትቀያየራላችሁ። ታናሽ እህቴ በስልኳ ድምፁን ትቀርጻለች። ብቻ በመጀመሪያ ቡናችሁን ከጠረጴዛው ላይ አንሱልኝ።